እርሾ ያቀፈው መምህር

መምህር አንዳርጌ ማይክሮስኮፕን ዓይኑን ጨፍኖ መሳል ይችላል። ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ሲቆም መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ አንገቱን፣ ከዚያ የሚሽከረከረውን ብሎን ያስቀምጣል፤ ሲጨርስ ከኋላ የተቀመጡት ረባሾች ሳይቀሩ ዝም ብለው ያያሉ። ንፋስ መውጫ ከተማ በእሱ እጅ ያለፈ ልጅ ሁሉ የማይክሮስኮፕን ክፍሎች ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይዘረዝራል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መምህሩም ተማሪዎቹም ማይክሮስኮፕ የሚባለውን ነገር በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የለውም እንዳይባል በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» ተብሎ በቀይ ቀለም የተጻፈበት አንድ ክፍል አለው። ውስጡ እግር የሌላቸው ዴስኮችና በእርጥበት ድንጋይ የሆነ የኖራ ከረጢት ተከማችተዋል። የክፍሉ ተጠሪ ደግሞ አንዳርጌ ነው። በየዓመቱ መጨረሻ «የቤተ ሙከራው ንብረት በሙሉ አለ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ ውሸት አልነበረበትም፤ ኖራውን ማን ይሰርቃል።

አባቱ የገብስ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ድጓ እንዲማርላቸው ብለው በልጅነቱ ቤተ ልሔም ወደሚባለው የድጓ ደብር ወስደው ለየኔታ ሰጡት። የኔታ ጥቂት ጊዜ ታገሡትና አንድ ቀን አባቱን አስጠርተው፣ «ልጅዎ ቃል ይይዛል፤ ጉሮሮው ግን ለዜማ አልተፈጠረም፤ ሲያዜም ከብቶቹ ይበረግጋሉ» ብለው በሰላም አሰናበቷቸው። አንዳርጌ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ዞረ። የቃል ትምህርቱ ግን ከአጥንቱ አልወጣም። የእንቁራሪትን ሆድ ዕቃ ሲያስተምር ልጆቹ እየተወዛወዙ፣ «አፍ፣ ጉሮሮ፣ ጨጓራ፣ ቀጭን አንጀት» ይሉለታል፤ እሱም በመቋሚያ ፋንታ በማስመሪያ ይመታላቸዋል።

ከቃሉ ውጭ የሆነ ጥያቄ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ዘዴ ነበረው። ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «ይህን በሚቀጥለው ክፍል ትማሩታላችሁ» ይላል። ስምንተኛ ክፍልን ነው የሚያስተምረው፤ ልጆቹ ፈተናውን አልፈው ሁለተኛ ደረጃ ይገባሉ፤ «አልተማርነውም» ብሎ የተመለሰበት የለም።

በዚህ ሁኔታ በደህና እየኖረ ሳለ አንድ ጠዋት ርእሰ መምህሩ አቶ ይበልጣል ቢሮ ጠሩት። ሰውየው ከእሱ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ደብዳቤ ሲያነቡ ግን ድምፃቸው ይወፍራል።

«ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ ሳይንቲስቶችን ከሳይንስ መምህራን ጋር ሊያጣምር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ አብረው ያስተምራሉ። ለእኛም አንድ ደርሶናል፤ ከእርስዎ ጋር ነው የተጣመሩት።»

አንዳርጌ «ሊያጣምር» የሚለውን ሲሰማ የመጣለት ቀንበር ነበር። ቤቱ ሄዶም ለሚስቱ ለዓለምጸሐይ፣ «ሊገመግሙኝ ነው» አላት።

«ምን አጥፍተህ?»

«እሱን ገና አልነገሩኝም።»

ሳይንቲስቱ ሊመጣ ነው በተባለበት ማክሰኞ የሠርጉን ከረባት አስሮ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ብርዱ ስለከበደው ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ቆመ። የጠበቀው መነጽር ያደረገ ራሰ በራ ሰው ነው። አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ፤ ቡናማ ሂጃብ የለበሰች ቀጭን ልጅ ትልቅ ካርቶን አቅፋ ወረደች።

«ምዝገባ ባለፈው ሳምንት አልቋል» አላት ገና ሳትጠጋው። «ለወንድምሽ ነው ለእህትሽ?»

«ሹክሪያ እባላለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት፤ መምህር አንዳርጌን ፈልጌ ነበር።»

አንዳርጌ ከረባቱን ነካ። «እንዴት አደሩ፤ እንኳን ደህና መጡ፤ ይግቡ እንጂ፤ ካርቶኑን ይስጡኝ» አለ በአንድ ትንፋሽ።

«ኧረ መምህር፣ አንቺ ይበሉኝ። ከልጆችዎ አልበልጥም።»

የእስቴ ልጅ ናት። አባቷ እዚያው መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። የምታጠናው በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ነው፤ ስለ እነሱ ስታወራ ስለ ጎረቤት የምታወራ ትመስላለች፤ ይሄኛው ሙቀት ይወዳል፣ ያኛው ጨው አይስማማውም እያለች።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከጎኑ አቆማት። የእንቁራሪቱን ሆድ ዕቃ ልጆቹ አሳምረው ካሉለት በኋላ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ሙሚና እጇን አወጣች። ጥያቄ የማይሰለቻት ልጅ ናት።

«በጋ ላይ ኩሬው ሲደርቅ እንቁራሪቶቹ የት ይሄዳሉ?»

አንዳርጌ ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲል ሹክሪያ ቀደመችው።

«የዚህ አገሮቹን አላውቅም» አለች። «አንዳንዶቹ ጭቃ ውስጥ ይቀበራሉ ይባላል። የእኛዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ግን አላውቅም። ሄደን ብናየው ጥሩ ነው።»

አንዳርጌ ስለ እሷ አፈረ። ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ ወደ ጥግ ወሰዳትና እንደ አባት መከራት።

«ሹክሪያ፣ አላውቅም አይባልም እኮ። ተማሪ ፊት አላውቅም ያለ መምህር ገበያ መሃል ሱሪው እንደወለቀበት ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«በሚቀጥለው ክፍል ትማሩታላችሁ ይባላል።»

«በሚቀጥለው ክፍል አለ?»

«የለም።»

ሹክሪያ አፏን በሂጃቧ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። እሱም ሳይወድ ፈገግ አለ።

ካርቶኑ የተከፈተው በማግስቱ ነው። ማይክሮስኮፑ ሲወጣ አንዳርጌ ዞሮ ከኋላ አየው። አንገቱ ሰሌዳ ላይ ከሚስለው አጠር ይላል፤ ይህ ትንሽ ቅር አሰኘው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አስጠጋ።

«ይታይዎታል?»

«ይታየኛል» አለ በቀስታ። «ጥቁር ነው። ረዥም ነው። ብዙ እግር አለው። ይንቀሳቀሳል።»

ሹክሪያ ናሙና የሚቀመጥበትን መስተዋት አየች፤ ገና ምንም አላስቀመጠችበትም። «የዓይንዎ ሽፋሽፍት ነው፣ መምህር።»

ቀጥሎ ከተከራየችበት ቤት ያመጣችውን እርሾ ጠብ አደረገችበት። በዚያኛው ዓለም እንደ ጤፍ ፍሬ የተድቦለቦሉ ነገሮች ተጣብቀው፣ ተለያይተው፣ አንዱ ከሌላው ጎን ቡቃያ አውጥቶ ታዩት። ሕይወት አላቸው፤ ይበላሉ፤ ይተነፍሳሉ አለችው። ሊጡን የሚነፋው ትንፋሻቸው ነው። አንዳርጌ ይህን ሲያስተምር ነው የኖረው፤ መጽሐፉ ላይ አለ። ግን ቀና ብሎ እንደ ሙሚና ጠየቀ።

«ሲተነፍሱ ማየት አይቻልም?»

ሹክሪያ አሰበች። «ጠርሙስ ካለን፣ ፊኛ ካለን ይቻላል።»

ፊኛው ከባለሱቁ ከረጀብ ተገዛ። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ልጆቹ ከየቤታቸው እርሾ ያመጣሉ፤ በየጠርሙሱ እኩል ዱቄት፣ እኩል ስኳር፣ እኩል ውሃ ይገባል፤ አፉ ላይ ፊኛ ይጠለቃል፤ ጠዋት ተሠርቶ ከሰዓት በኋላ ይታያል። አንዳርጌ ተማሪዎቹን፣ «ሳይንቲስት ያየውን ነው የሚናገረው፤ የተመኘውን አይደለም» ሲል አስጠነቀቀ፤ ሹክሪያ የነገረችው ነው፤ አባባሉን ወድዶት በዜማ አስባላቸው።

ስህተቱ፣ «ከእኔም ቤት አመጣለሁ» ማለቱ ነበር።

ዓለምጸሐይ እርሾዋን በኩባያ ስትሰጠው ጠየቀች። «የማንን ከማን ጋር ነው የምታስተያዩት?»

«ከሙሚና ቤት አለ፤ ከሌሎችም ልጆች። ከሰናይትም ቤት።»

ሰናይት ጎረቤታቸው ናት፤ ለከተማው ምግብ ቤቶች እንጀራ ታቀርባለች። ባለፈው የማኅበራቸው ቀን አንድ እንግዳ እዚሁ በእነ አንዳርጌ ቤት ተቀምጦ፣ በእነ አንዳርጌ ወጥ እየበላ የሰናይትን እንጀራ ሲያመሰግን አምሽቷል። ዓለምጸሐይ አልረሳችውም።

«በል እንካ» አለችው። «ከእሷ እርሾ አጠገብ ግን አታስቀምጠው፤ ክፉ ጠባይ ይማራል።»

እሱም ቃሏን አከበረ። ጠርሙሶቹ መስኮቱ ደፍ ላይ ሲደረደሩ የሰናይትን በአንደኛው ጫፍ፣ የሚስቱን በሌላኛው ጫፍ አደረገው።

በምሳ ሰዓት ልጆቹ ሲወጡ ብቻውን ተመልሶ ገባ። የሰናይት ፊኛ ቀና ብሏል። የሙሚና እናት ፊኛ ቀና ብሏል። የሌሎቹም አንገታቸውን አቅንተዋል። የዓለምጸሐይ ፊኛ ግን በጠርሙሱ አንገት ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሏል። አንዳርጌ በጣቱ ነካው። ዞር ብሎ በሩን አየ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ይህን ያዩታል፤ ከማምሻው በፊት ከተማው ይሰማዋል፤ ከዚያ እሱ ቤቱ መግባት አለበት።

ብርድ ነው እንጂ እርሾው ጤነኛ ነው ሲል አሰበ። ለታመመ ሰው ጋቢ መደረብ ማጭበርበር አይባልም። ጠርሙሱን አነሳና ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ አዲስ እንደተወለደ ጥጃ አቅፎ፣ ጋቢውን ከላይ አጣፋ። ጥቂት አሙቆ ወደ ቦታው ሊመልሰው ነበር ሐሳቡ።

ከክፍሉ ሳይወጣ አቶ ይበልጣል በሩ ላይ ደረሱ። «የት ጠፉ? ፕሮግራሙን ለማየት እንግዶች መጥተዋል። ስብሰባው ተጀምሯል» ብለው ክንዱን ይዘው መምህራኑ ክፍል አስገቡት፤ ከሹክሪያ አጠገብ፣ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት።

ክፍሉ በሰው ተጨናንቋል። ፀሐዩ ቆርቆሮውን አግሎታል። ንግግሩ ረዘመ። አንዳርጌ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አቁሞ በጋቢው ሥር በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ ሻይ ሲዞር እንኳ እጁን ማውጣት አልቻለም። መጀመሪያ ደረቱ ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲገፋው ተሰማው። ደስ አለው። የዓለምጸሐይ እርሾ ነፍስ ዘርቷል። ቀጥሎ ግፊቱ ጨመረ። ጋቢው ከፍ፣ ከፍ አለ። አቶ ይበልጣል ጎንበስ አሉ።

«መምህር፣ ሆድዎን ያምዎታል?»

«ትንሽ ነፍቶኛል።»

ከእንግዶቹ ዋናው አቶ እንድርያስ የሚባሉ ረዘም ያሉ፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ንግግራቸውን ሲጨርሱ፣ ከሳይንቲስቶች ጋር ለተጣመሩ መምህራን ማስታወሻ እንዲሆን የተሠራ ሪባን አለ አሉ፤ በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ የሚሰካ። የመጀመሪያው ስም የመምህር አንዳርጌ ነው። አንዳርጌ «እዚሁ ሆኜ» ሊል ቢሞክርም ጭብጨባው አነሳው። ሁለት እጁ ጋቢው ውስጥ እንዳለ ቆመ። አቶ እንድርያስ ሪባኑን ደረቱ ላይ ለክተው፣ መርፌውን ከፍተው፣ ገፋ አደረጉ።

ፊኛው ፈነዳ።

አቶ ይበልጣል ከጠረጴዛው ሥር ገቡ። አንድ መምህር፣ «በስመ አብ» አለ። አቶ እንድርያስ መርፌውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ፤ ፊታቸው ሰው የገደለ ሰው ፊት ነበር። የኮመጠጠ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ከአንዳርጌ ጋቢ ሥር ቀጭን ሊጥ ሱሪው ላይ ይወርድ ጀመር።

ሹክሪያ ተነስታ ደገፈችው። ፊቷን ወደ ጆሮው አስጠግታ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያቀፉት?» አለች።

«ምኑን?»

«ጠርሙሱን። ከምሳ ጀምሮ ነው?»

«ከምሳ» አለ በደከመ ድምፅ።

«እና በዚህ ጊዜ ውስጥ ለመፈንዳት ደረሰ?» ዓይኗ በርቷል። ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ የገረማት ፍጥነቱ ነው። ወደ እንግዶቹ ዞራ፣ «ይቅርታ፣ ሙከራ ላይ ነን» አለች።

አቶ እንድርያስ መጀመሪያ መርፌውን ዘጉ። ከዚያ፣ «ብዙ ሰው ላይ ሪባን ሰክቻለሁ» አሉ። «የፈነዳ ግን አልገጠመኝም።» እሳቸው ሲስቁ ሌላው ሁሉ ለመሳቅ ፈቃድ አገኘ።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ሙሚና መጀመሪያ ያየችው ባዶውን ቦታ ነው።

«መምህር፣ የእርስዎ ጠርሙስ የት ሄደ?»

አንዳርጌ ወደ ሹክሪያ አየ። እሷ ሆን ብላ ውጭ ውጭውን ታያለች። ሱሪው ላይ ሊጡ ደርቋል። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ክፍሉ እንደገባ ከልጆቹ ፊት ያስታውቃል። ጠመኔውን አስቀመጠና እንደሆነው ነገራቸው፤ ፊኛው አልነሳ እንዳለ፣ ሚስቱን እንደፈራ፣ አቅፎ እንደሄደ። ልጆቹ ዴስክ እስኪመቱ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ የሙሚና እጅ አልወረደም።

«መስኮቱ ላይ እምቢ ብሎ ጋቢው ውስጥ ለምን እሺ አለ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህን በሚቀጥለ...» አለና ቆመ።

«አላውቅም» አለ።

ጣራው አልተደረመሰም። ሱሪውም ባለበት ነበር። ይልቅ እጅ ይወጣ ጀመር። አንዱ የመምህሩ ትንፋሽ ነው አለ። ሌላዋ የጋቢው ሙቀት ነው አለች። ከኋላ አንዱ፣ «እንግዶቹን ፈርቶ ነው» አለ። ሙሚና ግን ተነስታ መስኮቱ ደፍ ሄደች፤ ጠርሙሱ የነበረበት ቦታ ላይ መዳፏን ዘርግታ ቆየችና፣ «እዚህ ይበርዳል» አለች። ሁሉም ተራ በተራ ሄደው ነኩ። በዚያ ጫፍ መስተዋቱ ተሰንጥቆ ጥጉ ወድቋል፤ ነፋሱ በቀጥታ ይገባል። የከተማው ስም በከንቱ አልወጣም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደገና ሠሩት። የእያንዳንዱ ቤት እርሾ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ በተሰበረው መስኮት አጠገብ፣ ግማሹ ጭድ በተሞላ ካርቶን ውስጥ። ከሰዓት በኋላ የጭዱ ፊኛዎች በሙሉ ቆሙ፤ የመስኮቱ በሙሉ ተኙ። የሰናይትም፣ የዓለምጸሐይም፣ የሙሚና እናትም እኩል ቆሙ፤ እኩል ተኙ።

ከተማው ግን ይህን ለመስማት አልቸኮለም። የመጀመሪያው ወሬ ወፍጮ ቤት ደርሶ፣ «የዓለምጸሐይን እርሾ መሣሪያው ሞቷል አለ» ሆኗል። እሷ ባሏን ለቀናት አላነጋገረችውም፤ እራቱን ታቀርባለች፣ ፊቷን ታዞራለች። በመጨረሻ እሱ ራሱ ሁሉንም ነገራት።

«አቅፈኸው ስብሰባ ገባህ?»

«ገባሁ።»

«የእኔን እርሾ?»

«ያንቺን።»

«እኔን እንኳ ከሠርጋችን ወዲህ ሰው ፊት አቅፈኸኝ አታውቅም» አለችው። ቆይቶ ግን ከውስጥ ብቻዋን ስትስቅ ሰማት።

ሰናይት በበኩሏ ነጠላዋን አስተካክላ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ለሰላምታ ጊዜ ሰጥታ ነው የተናገረችው።

«ልጆቹ እኩል ነው ይላሉ። እርሾ እንዴት እኩል ይሆናል? ታዲያ ምግብ ቤቶቹ ለምን ወደ እኔ ይመጣሉ?»

ሹክሪያ ቀድማ፣ «እትዬ ሰናይት፣ የለካነው እርሾውን ነው። እጅ አልለካንም» አለቻት። ሰናይት ይህን አስባበት፣ ራሷን ነቅንቃ ረክታ ሄደች። ዓለምጸሐይም ይህንኑ ሰምታ፣ የተባለው ለእሷ እጅ እንደሆነ አድርጋ ወሰደችው።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ሙከራው ተከፈተ። የኖራውን ድንጋይ ለማውጣት የስፖርት መምህሩም ተጠርቷል። አንዳርጌ ዜማውን አልተወም፤ ሹክሪያም አይተዉት ብላዋለች፤ ልጆቹ በቃል የያዙትን በዓይናቸው ሲያገኙት ይጮኻሉ። ልዩነቱ፣ እሱ አሁን በሳምንት ውስጥ አንድም «አላውቅም» ካላለ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለዋል። አንድ ጊዜ አቶ ይበልጣል ስለ ጡረታ ሕግ ቢጠይቁት ኩራት ባለው ድምፅ፣ «አላውቅም፤ እንሞክረው» ብሏቸዋል።

ሹክሪያ ፕሮግራሙን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀራት ልጆቹ ግቢው ውስጥ ሁለት መደብ ገብስ ዘሩ፤ አንዱ ፍግ ያለው፣ አንዱ ባዶ አፈር። በየሳምንቱ ቁመቱን በገመድ ይለካሉ። ቡቃያው ቁርጭምጭሚት ደርሶ ሳለ የጎረቤቱ የአቶ ቻላቸው አህያ አጥር ጥሳ ገባችና ፍግ ያለውን መደብ ከሥሩ ላጨችው። ባዶውን አፈር አልነካችውም።

ሙሚና አለቀሰች። ሌሎቹ አህያዋን ሊደበድቡ ተነሱ። አንዳርጌ በሁለቱ መደቦች መካከል ቆሞ አገጩን እያሸ ብዙ ቆየ። ከዚያ አጥሩን ዞሮ ወደ አቶ ቻላቸው ቤት ሄደ። ሰውየው ገና ከሩቅ ሲያዩት ይቅርታ ጀመሩ፤ ካሣ ካለ እከፍላለሁ፣ ገመዷን በጥሳ ነው አሉ።

«ለካሣ አይደለም የመጣሁት» አለ አንዳርጌ። «ሌላ ሁለት መደብ እየዘራን ነው። ሲበቅል አህያዋን እንዲያውሱን ነው።»

«ለጭነት?»

«አይ፤ ለምርጫ።»

አቶ ቻላቸው ሚስታቸውን ዞር ብለው አዩ፤ እሺ አሉ፤ እብድን እሺ ማለት ይሻላል።

ቡቃያው ሲደርስ አህያዋ በክብር ገባች። ልጆቹ ድምፅ ሳያሰሙ ዙሪያውን ቆሙ፤ ሹክሪያም ከእነሱ ጋር። አህያዋ ወደ አንደኛው መደብ ሄደች፣ አሸተተች። ወደ ሁለተኛው ሄደች፣ አሸተተች። ከዚያ ዘወር ብላ መሬት ላይ የተዘረጋውን የመለኪያ ገመድ ከጫፉ ይዛ ማላመጥ ጀመረች።

«አሁን ምን ብለን እንጻፍ?» አለች ሙሚና።

አንዳርጌ ወደ ሹክሪያ አላየም። «ያየነውን ነዋ» አላት። «ገመዱን በላች ብለሽ ጻፊ።»